የአሶሳን አፈር ወደ ቀለም፦ ከቁፋሮ እስከ ቅብ

ከአፈር የተሠራ ቀለም ሲረግፍ ሰው ጥፋቱን በአፈሩ ያላክካል። አፈሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ነው። ቀይ አፈር ቅላቱን ያገኘው ከብረት ዝገት ስለሆነ ፀሐይ አያነጣውም፣ ዓመታትም አያደበዝዙትም። ነገሩ የሚበላሸው ዱቄቱን አጣብቆ የሚይዘው ማያያዣ ከሚቀባው ገጽ ጋር ሳይስማማ ሲቀር ነው። ስለዚህ አካፋ ከማንሳትዎ በፊት አንድ ነገር ይወስኑ፦ የሚቀቡት ምን ላይ ነው? ወረቀት የራሱ ማያያዣ አለው፤ እንጨትም፣ ጨርቅም፣ የጭቃ ግድግዳም እንዲሁ። አፈሩ ለሁሉም አንድ ነው።

አሶሳና ዙሪያዋ ለዚህ ሥራ የታደለ አገር ነው። መንገድ በተቆረጠበት ዳገት ሁሉ ቀዩ አፈር ተገልጦ ይታያል፤ ከሥሩም ብዙ ጊዜ ቢጫው ይከተላል። ነጩን እብነ በረድ ይሰጣል፤ ማንኩሽ፣ ቡለንና ዳለቲ በእብነ በረድ የታወቁ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ቦታዎች ናቸው። ጥቁሩ ከቆላ ቀርከሃ፣ ማለትም ከሽመል ከሰል ይገኛል። ሙጫው ከቆላው ግራር፣ ማሩ ከገበያ፣ እንቁላሉ ከጓሮ። የሚጎድለው ሰማያዊ ብቻ ነው፤ ወደ እሱ እንመለስበታለን።

ሥራው በአገራችን ጥንታዊ ነው። ድሬዳዋ አጠገብ ካለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ የተገኘውንና እ.ኤ.አ. በ2017 ጥናቱ የታተመውን ክምችት ብቻ ብንወስድ 4,213 ቁራጭ ባለ ቀለም ድንጋይ ነው፤ ክብደቱ 40 ኪሎ ግራም ያህል፣ ዕድሜውም 40,000 ዓመት ገደማ። ቀለሙ የተፈጨባቸው ድንጋዮችም እዚያው ተገኝተዋል። በቤኒሻንጉል በኩል ደግሞ ቤል አሽ ሻሪፉ እና ቤል በምበሽ በተባሉት የድንጋይ መጠለያዎች ላይ የተሳሉ ምልክቶች አሉ። ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሲሆን የስፔን አርኪኦሎጂስቶች ቦታዎቹን ከዝናብ ልመና ሥርዓት ጋር አያይዘው ጽፈዋል።

እንዲህ ያለ ቦታ ቢያጋጥምዎ ቀለሙን አይፋቁ፣ በእጅ አይንኩ፣ ለፎቶ ደምቆ እንዲወጣ ብለውም ውሃ አይርጩበት። ውሃው ጨው እያሟሟ ወደ ገጹ ያወጣል፤ ጨው ሲደርቅ ደግሞ ሥዕሉን ገፍቶ ያነሳዋል። ቅርስን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992ም እንዲህ ያሉ ቦታዎችን ይጠብቃል። የሚፈልጉት አፈር በየመንገዱ ዳር ሞልቶ ሳለ ከዋሻ የሚወሰድበት ምክንያት የለም።

አፈሩን መምረጥ

የሚወጡት ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ኅዳር ገባ ሲል ይሁን። በክረምት የተቆፈረ አፈር ጭቃ ሆኖ ስለሚመጣ ቀለሙን ለይቶ ማየት ያስቸግራል፤ እርጥብ አፈር ሁሉ ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው። የላዩን አፈር ይተዉት። ሥርና ብስባሽ ቅጠል ስላለበት ቡናማ ነው፤ ቀለም ሆኖ ከተቀባም በኋላ ይሸታል፣ ይሻግታል። ቢያንስ አንድ ክንድ ወደ ታች ይዝለቁ። የመንገድ ቁርጥ ወይም የወንዝ ዳር ገደል ካለ ቁፋሮውን ያቀልልዎታል፤ ከሥሩ ግን እየቦረቦሩ አይውሰዱ፣ ይናዳል። የሰው ማሳ ከሆነ ባለቤቱን ማስፈቀድ የግድ ነው።

ጥሩ አፈር የሚታወቀው በጣት ነው። ቁንጥር ያህል በውሃ ለውሰው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይሹት። ቢያንሸራትትና ጣትዎን ቢያቀልም፣ ታጥበውም በጥፍር ዙሪያ ቅላቱ ቢቀር፣ ያ አፈር ቀለም አለው። ቢኮሰኩስና በአንድ ጊዜ እጥበት ቢለቅ አብዛኛው አሸዋ ነው ማለት ነው። በነጭ ወረቀት ላይም ጨረፍ አድርገው ይቀቡና ሲደርቅ ይዩት።

ኩይሳ በአሶሳ በኩል የማይታይበት መስክ የለም። ምስጥ ደቃቁን ሸክላ ከታች እያወጣ ስለሚገነባ የኩይሳ አፈር ያለ ብዙ ድካም ልስልስ ነው። ቀለሙ ግን ብዙ ጊዜ ደብዛዛ ስለሆነ ለሥዕል ሳይሆን ለግድግዳ ልስን ቢያስቀምጡት ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፣ እሱም ከወርቅ ጋር የተያያዘ ነው። በክልሉ በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ወርቁን ለመያዝ ሜርኩሪ የተሠራበት ቦታ ሊኖር ስለሚችል ወርቅ ከታጠበበት ጉድጓድ፣ ከጭቃው ክምርም ሆነ ከሥሩ ከሚወርደው ጅረት አፈር አይውሰዱ። የዱቄት ሥራ የአፍንጫና የሳንባ ሥራ ነው።

ከእያንዳንዱ ቦታ ሦስት አራት ኪሎ ያህል በየፌስታሉ ይውሰዱና በላዩ ላይ ቦታውንና ቀኑን ይጻፉ። ብዙ ይመስላል፤ ከታጠበ በኋላ ግን ግማሹ አሸዋ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ጽሑፉ የሚጠቅመው ከዓመት በኋላ ያው ቅላት ሲያስፈልግዎ ነው። መቶ እርምጃ ራቅ ብሎ የተቆፈረ አፈር ሌላ ቀለም ይዞ ይመጣልና።

ማጠብ

ጀማሪ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። አፈሩን በሙቀጫ ወቅጦ፣ በወንፊት ነፍቶ፣ ቀለም አገኘሁ ይላል። ወንፊት ግን አሸዋን ከሸክላ አይለይም፤ ደቃቅ አሸዋ አብሮ ያልፋል። የሚለየው ውሃ ነው።

ሁለት ባልዲና አንድ ሰፊ ሳህን ያዘጋጁ። አፈሩን ሥርና ጠጠር ለቅመው በአንደኛው ባልዲ ይጨምሩና ብዙ ውሃ አፍስሰውበት ያሳድሩት። ያደረው አፈር በእጅ ሲነካ ይፈርሳል፤ መውቀጥ አያስፈልገውም። ጠዋት በዱላ አጥብቀው ያማስሉና እጅዎን አንስተው ይጠብቁ። ግማሽ ደቂቃ በቂ ነው። አሸዋው ከባድ ስለሆነ ወዲያው ይዘቅጣል፤ ቀለም ያለው ሸክላ ግን ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ይቆያል። አሁን ቀዩን ውሃ ባልዲውን ቀስ ብለው አዘንብለው ወደ ሁለተኛው ይገልብጡ። አሸዋው መንቀሳቀስ ሲጀምር ያቁሙ። በቀረው ላይ ንጹሕ ውሃ ጨምረው ይድገሙት፤ ውሃው ቀለም መስጠቱን እስኪተው ድረስ።

የሁለተኛውን ባልዲ ውሃ በአሮጌ ስቶኪንግ ወይም በነጠላ ቁራጭ ያጥልሉትና ክዳን ደፍተው ይተዉት። በማግስቱ ከላይ ጥርት ያለ ውሃ፣ ከሥር ወፍራም ጭቃ ያገኛሉ። ጥርት ያለውን ይድፉ። ጭቃውን በሳህን ላይ ዘርግተው ጥላ ሥር ያድርቁት፤ አቧራ እንዳይገባበት ነጠላ ጣል ያድርጉበት። ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይነሳል፤ ያኔ በእጅ ሲያሹት እንደ ጤፍ ዱቄት ይለሰልሳል።

አንዳንዴ ውሃው ቀናት አልፈውም አልጠራ ይላል። ያ የሚሆነው ሸክላው እጅግ ደቃቅ ሲሆን ነው፤ ትንሽ ጨው ቢጨምሩበት ቶሎ ይዘቅጣል። ከዚያ በኋላ ግን ጨዉ እንዲወጣ ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። ጨው ያለበት ቀለም ከደረቀ በኋላ ነጭ ጤዛ የመሰለ ነገር ያበቅላል።

ቢጫውን ማቅላት

ቢጫ አፈር እሳት ሲያገኝ ይቀላል። ቢጫ ያደረገው በብረቱ ውስጥ የታሰረ ውሃ ነው፤ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ውሃው ይወጣና ቀይ ይሆናል። ይህን በቡና ምጣድ መሥራት ይቻላል፤ ምጣዱን ግን ከዚያ በኋላ ለቡና አይመልሱት። የደረቀውን ዱቄት በስሱ ዘርግተው በመካከለኛ እሳት ላይ ያለማቋረጥ ያማስሉ። መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ሲበርድ ግን ብርቱካናማ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ በሙቀቱ አይፍረዱ፤ በየጊዜው ማንኪያ እየጨለፉ በድንጋይ ላይ ያብርዱትና ያወዳድሩ። ከአንድ ቢጫ አፈር አራት አምስት ደረጃ ያለው ቀለም በዚህ መንገድ ይወጣል። ለእኔ ከጥሬው ቀይ አፈር ይልቅ ከቢጫ የተጠበሰው ቀይ ይጥመኛል፤ ሞቅ ያለና ጥርት ያለ ነው።

ነጭ፣ ጥቁርና የጎደለው ሰማያዊ

ለነጭ የእብነ በረድ ብናኝ ይፈልጉ። እብነ በረድ የሚቆርጡና የሚያለሰልሱ ቤቶች ዝቃጩን የሚጥሉት ነው፤ ይጠይቁ፣ ይሰጡዎታል። የሚያገኙት ነጭ ድንጋይ እብነ በረድ መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ፈቅፍቀው ሎሚ ይጭመቁበት፤ አረፋ እያወጣ ከፈላ ትክክል ነው። ዝም ካለ ሌላ ድንጋይ ነው። ብናኙን እንደ አፈሩ አጥበው ያዘቅጡት። አንድ ጠባይ ግን አለው፦ በሙጫ፣ በእንቁላልና በኖራ ነጭ ሆኖ ይቆያል፣ በዘይት ሲለወስ ግን ብርሃን ያሳልፍና ግራጫማ ልጥፍ ይሆናል። በዘይት የሚሠሩ ከሆነ ነጩን ከሱቅ ይግዙ፤ የቲታኒየም ነጭ የሚባለውን።

ጥቁሩ የሽመል ከሰል ነው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሲሆን የቆላው ሽመል ሲጠና ድፍን ነው ለማለት ይቻላል፤ ከሰሉም ጠንካራ ይወጣል። የደረቀ ሽመል በጣት ርዝመት ቆርጠው ክዳን ባለው የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ጠቅጥቀው ይሙሉ። በክዳኑ ላይ በምስማር አንድ ቀዳዳ ያብጁና እሳት ውስጥ ያኑሩት። በቀዳዳው ጭስ ይወጣል፣ ጭሱም እሳት ይይዛል። ጭሱ ሲያበቃ ቆርቆሮውን አውጥተው ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ይጠብቁ። ሙቅ ሳለ የከፈተ ሰው ከሰሉ አየር አግኝቶ አመድ ሲሆንበት ያያል። ከቆርቆሮው የሚወጣው ቁራጭ እንዳለ ለንድፍ መሳያ ይሆናል፤ የተፈጨው ደግሞ ቀለም።

የኩራዝ ጥላሸት ከዚህ ይበልጥ ይጠቁራል፤ ሊቃውንቱ ለብራና የሚያዘጋጁት ጥቁር ቀለምም መሠረቱ ጥላሸት ነው። ያረረ እህል፣ ቅጠላ ቅጠልና ሙጫ እየተጨመረበት ብዙ ጊዜ ይሻል፣ ይብላላል። ጥላሸት ቅባት ስላለው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይለወስም። ጥቂት ጠብታ አረቄ ቢጨምሩበት ወዲያው ይረጥባል።

ወደ ሰማያዊ ስንመጣ፣ ከአፈራችን አይወጣም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችም ሰማያዊ ያገኙ የነበረው በንግድ ነው። ግን ዓይንን ማታለል ይቻላል። የሽመል ጥቁር በእብነ በረድ ነጭ ሲቀልጥ የሚሰጠው ግራጫ ቀዝቃዛ ነው፤ ከተጠበሰ ቀይ አጠገብ ሲቀመጥ ሰማያዊ መስሎ ይታያል። አረንጓዴም እንዲሁ ነው፦ ቢጫ አፈር ላይ ትንሽ ከሰል ጣል ሲያደርጉበት የደረቀ ቅጠል አረንጓዴ ይሆናል።

ከርከዴ፣ እርድ፣ ቀይ ሥር የመሳሰሉት ሲጨመቁ ዓይን ይማርካሉ። አይመኑዋቸው። በፀሐይ ፊት በሳምንታት ውስጥ ይጠፋሉ። ለልጆች ጨዋታ ይሁኑ፤ ለሚሸጥ ወይም ለሚሰቀል ሥዕል ግን አይሆኑም። በተቃራኒው በጥንት የብራና ሥዕሎች ላይ የሚያንጸባርቁት አንዳንድ ቢጫና ቀይ ቀለሞች ከአርሴኒክና ከሜርኩሪ ማዕድን የተሠሩ ናቸው። ዘመን ተሻግረው አምረዋል፣ መርዝነታቸውም አልቀረም። በቤት ውስጥ ሊሠሩ አይሞክሩ።

መፍጨት

ታጥቦ የደረቀው ዱቄት አሁንም መፈጨት አለበት፣ በእርጥቡ። ወፍራም መስታወት ወይም የተለሰለሰ እብነ በረድ ላይ ከምረው መሐሉን ያጎድጉዱና ውሃ ያፍስሱ። መጅ ካለዎት በሱ፣ ከሌለም ታቹ ልሙጥ በሆነ ወፍራም ጠርሙስ በክብ በክብ ያሹት። መጀመሪያ ይንኮሻኮሻል። ድምፁ ጠፍቶ መጁ ሲንሸራተት ደርሷል። ለከሰል ጊዜ ይስጡት፤ ከሁሉም የሚያስቸግር እሱ ነው። ደረቅ ዱቄት በሚነኩበት ጊዜ ሁሉ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ።

ማያያዣው

የግራር ሙጫ፣ ለወረቀትና ለብራና። በገበያ ሙጫ ብለው ሲጠይቁ እጣን ሊሰጥዎ ይችላል። የክልሉ የመተከል ዞን የእጣን አገር ነውና ስህተቱ ቅርብ ነው። ለመለየት አንድ ፍሬ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጥለው ያሳድሩ። የግራር ሙጫ ሙሉ በሙሉ ሟሙቶ ጥርት ያለ ወፍራም ውሃ ይሆናል፤ እጣን ግን ውሃውን ወተት አስመስሎ ከሥር ይቀራል። ሱዳኖች ሃሻብ የሚሉት የግራር ሙጫ ለሥዕል ተመራጭ ነው፤ ጠልሃ የሚሉት ደግሞ ሲደርቅ ይሰባበራል።

አንድ ስኒ የተወቀጠ ሙጫ በሁለት ስኒ ሙቅ ውሃ ያሳድሩና ያጥልሉት። ሩብ ስኒ ማር ይጨምሩ፤ ማሩ ቀለሙ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ያደርጋል። ሁለት ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ ጣል ቢያደርጉበት ሻጋታ ያዘገያል። ይህን ከተፈጨው የቀለም ልጥፍ ጋር እኩል በእኩል ይለውሱ። በግድግዳ ላይ ግን አይጠቀሙበት፤ ሙጫው ደረቀም አልደረቀ ውሃ ሲያገኝ ይሟሟል፣ በአሶሳ ክረምት እርጥበት ደግሞ ይጣበቃል።

እንቁላል፣ ለእንጨት። የሚያስፈልገው አስኳሉ ብቻ ነው። ነጩን ካፈሰሱ በኋላ አስኳሉን ከመዳፍ ወደ መዳፍ እያገላበጡ በየመሐሉ እጅዎን በጨርቅ ያድርቁ። ላዩ ሲደርቅ በሁለት ጣት ቀስ ብለው ያንሱትና ከሥሩ በእሾህ ይውጉት፤ ፈሳሹ ወደ ስኒው ይወርዳል፣ ስስ ቆዳው በጣትዎ ይቀራል። ቆዳው አብሮ ከገባ ቀለሙ ላይ ክር እየሆነ ያስቸግራል። አስኳሉን በልኩ ውሃ ያቅጥኑና ከቀለሙ ልጥፍ ጋር እኩል ያዋህዱ። በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚደርቅ ሰፊ ቦታ በአንድ ጊዜ አይሸፈንበትም፤ በቀጭን ብሩሽ አጫጭር መስመር እየደራረቡ ነው የሚሠራበት። ለነገ አያሳድሩት፤ በየዕለቱ አዲስ ይሥሩ።

እንቁላል ጥሬ እንጨት ላይ አይቆምም፤ እንጨቱ መሠረት ይፈልጋል። በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘውንና በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን የሠራውን የመሰሉ የገበታ ሥዕሎች ስናይ ቀለሙ የተቀመጠው በነጭ ልቅልቅ ላይ ነው። ለዚህ የቆዳ ሙጫ ያስፈልግዎታል። የፍየል ጥሬ ቆዳ ቁራጭ ጠጉሩ ተላጭቶ፣ ውሃ ውስጥ አድሮ፣ ሳይፈላ በዝግታ ሙቀት ለሰዓታት ይቆያል። ከፈላ የማጣበቅ ኃይሉን ያጣል። ሲጠልና ሲበርድ ከረጋ ሙጫ ሆኗል። ይህን በሙቁ አቅጥነው የደረቀውን የዋንዛ ሳንቃ በፊትም በጀርባም አንድ ጊዜ ይቀቡት፤ ጀርባው ከተረሳ ሳንቃው ይቆለመማል። በማግስቱ የእብነ በረድ ብናኝ በሙጫው ለውሰው ስስ አድርገው አምስት ስድስት ጊዜ ይደራርቡ፤ እያንዳንዱ ሽፋን ከበፊተኛው ጋር ተሻጋሪ ይሁን። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። ወፍራም አድርጎ በአንዴ መጨረስ የሚሻ ሰው ሲሰነጣጠቅ ያየዋል።

ዘይት። በክልሉ ሰሊጥና ኑግ ሞልቷል፤ የሥዕል ዘይት ግን የተልባ ነው። የተልባ ዘይት አየር እየሳበ ይጠነክራል። የኑግ ዘይት በዝግታና በከፊል ይደርቃል፤ ሰሊጥ ከናካቴው አይደርቅም ቢባል ይቀላል፣ ዓመት ቆይቶ ይጣበቃል። የተልባ ዘይት ያልተነጠረና ለምግብ የሚሆነው ዓይነት ይበቃል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ጨምድደው ጥግ ላይ አይጣሉ፤ ራሱን በራሱ አግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘርግተው ውጭ ያድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ይንከሩት።

ግድግዳ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ በአሶሳ ብዙ የሚሠራው በግድግዳ ላይ ነውና። ቤትን በአፈር ማሳመር በየአገሩ ልማድ ነው። ጉሙዞች ጎተራቸውን በጭቃ በተነሱ ቅርጾች ያስጌጣሉ፤ በጂንካ አካባቢ የአሪ ሴቶች በአፈር ቀለምና በአመድ ግድግዳቸውን በእጃቸው ይስላሉ። ሁለቱም የሚያሳዩን የጭቃ ግድግዳ ከራሱ ወገን የሆነ ቀለም እንደሚወድ ነው።

በመጀመሪያ ልስኑ። የተነፋ የኩይሳ አፈር፣ ደቃቅ አሸዋ፣ የተቆራረጠ ጭድና ትኩስ እበት በውሃ ለውሰው ለቀናት ያብላሉት። በስሱ ይለስኑና ደረቅ ከማለቱ በፊት፣ በጣት ሲነኩት ቀዝቀዝ እያለ ሳይጣበቅ ሲቀር፣ ቀለሙን በውሃ ብቻ አቅጥነው ይቀቡ። እርጥቡ ልስን ቀለሙን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ አብረው ይደርቃሉ። ሲደርቅ በለስላሳ ድንጋይ ወይም በጠርሙስ ታች ያሹት፤ ይጠነክራል፣ ያበራልም። የእህል ዱቄት ልጥፍ ይጨምሩ የሚልዎትን አይስሙ፤ በዚህ እርጥበትና በዚህ ተባይ መካከል ለሻጋታ ግብዣ ነው።

ከቤት ውጭ ላለ ግድግዳ ኖራ ይሻላል። ኖራ ከአየር ጋር ሲገናኝ ተመልሶ ድንጋይ ስለሚሆን ቀለሙን አቅፎ ይጠነክራል። ቀይ፣ ቢጫና ከሰል ኖራ አያጠፋቸውም፤ የሱቅ ቀለም ዱቄት ግን ሁሉም አይችለውም። ኖራውን በውሃ አጥፍተው ቢያንስ ለሳምንታት ያቆዩት። ውሃ ያልነካው ኖራ ውሃ ሲያገኝ ይፈላል፣ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ ጓንትና መነጽር ሳያደርጉ አይንኩት፣ ልጆችም አይቅረቡ። ግድግዳውን አርጥበው፣ ቀለሙን ከኖራው ከአሥር አንድ እጅ ሳያሳልፉ፣ ስስ አድርገው ሦስት ጊዜ ይቀቡ።

ሦስተኛው መንገድ የጎንደር ነው፦ በግድግዳው ላይ ሳይሆን በጨርቅ ላይ ስሎ ጨርቁን መለጠፍ። ይህ ዘዴ ለሠዓሊው ምቹ ነው፤ መሬት ላይ ዘርግቶ ይሠራል፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅም ጨርቁ አብሮ አይቀደድም። ግን የሚላጥ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 የፈረንሳዩ ማርሴል ግሪዮል ቡድን በጎንደር ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የቀደሙትን ሥዕሎች ልጦ በምትካቸው አዲስ ግልባጭ ለጥፎ መሄድ የቻለው ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ስለነበሩ ነው። ሥዕሎቹ ዛሬም በፓሪስ ናቸው። እርስዎ በአቡጀዲ የሚሠሩ ከሆነ ጨርቁን አስቀድመው በሙቅ ውሃ አጥበው በውስጡ ያለውን ሙጫ ያስለቅቁ፣ ወጥረው በቆዳ ሙጫ ይቀቡ፣ ከዚያ እንቁላል ወይም ዘይት ይጠቀሙ።

አናጢዎች የሚሠሩበት ነጭ ኮላም አለ። በእኩል ውሃ አቅጥኖ ከአፈር ቀለም ጋር ማዋሃድ ለትምህርት ቤት አጥርና ለካርቶን ሥራ ይሆናል፤ ርካሽ ነው፣ በቀላሉም አይለቅም። ጥፋቱ አንዴ ከደረቀ ማስተካከል አለመቻሉ ነው።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

ሁልጊዜ ከዋናው ሥራ በፊት በቁራጭ ላይ ይሞክሩና ሲደርቅ በአውራ ጣትዎ ይሹት። ዱቄቱ ጣትዎ ላይ ከወጣ ማያያዣው አንሷል፤ ጥቂት ይጨምሩ። ካበራና እንደ መረብ ከተሰነጠቀ ማያያዣው በዝቷል ወይም ወፍራም ተቀብቷል፤ ቀለም ይጨምሩና ያቅጥኑ። በሙጫ የተሠራው የሚሰነጠቅ ከሆነ ማሩን ከፍ ያድርጉ፤ ሳይደርቅ የሚጣበቅ ከሆነ ማሩ በዝቷል። በእንቁላል የተቀባ ከታችኛው ሽፋን ጋር አብሮ ከተነሳ ታችኛው ሳይጠነክር ደርበውበታል፤ ቢያንስ አንድ ቀን ይስጡት። አንዱ ቀለም ከሌላው ይልቅ ማያያዣ ሲጠጣ አይደነቁ፦ ከሰልና ጥላሸት ብዙ ይጠጣሉ፣ እብነ በረድ ትንሽ ይበቃዋል። በአንድ ልክ ሁሉንም መለወስ አይቻልም፤ ለእያንዳንዱ ልኩን በፌስታሉ ጽሑፍ ላይ ያስፍሩለት።

ብሩሽ ከፍየል ጠጉር ማሰር ይቻላል፤ ለወፍራም መስመር ግን የሽመል ጫፍ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ክሩ ሲፈታ ከተገዛው አይተናነስም። ለጥቃቅን ጽሑፍ መቃ ይቅረጹ።

ደረቅ ቀለም በብልቃጥ ተከድኖ ዓመታት ይቆያል። የተለወሰ የሙጫ ቀለም በቆርኪ ላይ ቢደርቅም ውሃ ሲነካው ይነሳል፤ የእንቁላሉንና የቆዳ ሙጫውን ትራፊ ግን በዚያው ቀን ይድፉ። የውጭ ግድግዳ በኖራ የተቀባ ከሆነ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ፣ ዝናቡ ሳይበረታ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥርና ከመሬት እስከ ጉልበት ያለውን ክፍል ይዩት። ቶሎ የሚነካው እሱ ነው፤ አንድ ስስ ሽፋን ይደረብበት።